ቦርሳውን ማን ይሞላዋል? ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሰጥ የመጀመሪያ ዕርዳታ ታሪክ



የዛሬው ርእሴ በታሪክ ትምህርት መድረክ ላይ ትንሽ እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። ስለ ንጉሥ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ዘመቻ ከመናገሬ በፊት የምናገረው ስለ አንድ ቦርሳ ነው። ነርሱ፣ ጤና መኮንኑ ወይም የአምቡላንስ ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ ገበያ ሲሄድ፣ ለቅሶ ለመድረስ መኪና ሲሳፈር በትከሻው የሚያንጠለጥለው ትንሽ ቦርሳ። በውስጡ ፋሻ፣ ጎዝ፣ ጓንት፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ጥቂት አልኮል ይኖራል። ባለቤቱ ያን ቀን ተረኛ አይደለም፤ ደመወዝም አይታሰብለትም። ቦርሳው ግን አብሮት ይሄዳል።

የሀገራችን የሕክምና ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው በሕንፃ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣውን የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን እናነሣለን፤ ከዚያ የዳግማዊ ምኒልክን ሆስፒታል፣ ከዚያ የጎንደርን የጤና ኮሌጅ። ዘመኑን የምንለካው በመሠረት ድንጋይና በሪባን ነው። ይህ አጻጻፍ ስሕተት የለበትም፤ ጉድለት ግን አለበት። ሰው የሚወድቀው በሆስፒታል ደጃፍ አይደለም። በመንገድ፣ በእርሻ፣ በገበያ፣ በከሰል ማክሰያ ጉድጓድ አጠገብ ነው። በወደቀበትና በሕንፃው መካከል ያለውን ሰዓት የሞላው ማን ነበር? በምን ያዘው? የተጠቀመበት ሲያልቅ ማን ተካለት? ዛሬ የማነሣቸው ሦስት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ከሦስቱ የመጨረሻው ከሁሉ ያነሰ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ የከበደው እርሱ ነው እላለሁ።

ከቅርባችን ልጀምር። በአዊ ደጋ የሚያድገውን ቀርከሃ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አጥር ነው፣ ወንበር ነው፣ የቤት ማገር ነው። ለወጌሻ ደግሞ የስብራት ማሰሪያ ነው። ወጌሻው ቀርከሃውን ሰንጥቆ፣ አለስልሶ፣ ከተሰበረው እጅ ወይም እግር ግራና ቀኝ አድርጎ በጨርቅ ይጠመጥመዋል፤ እጁን በቅቤ አለስልሶ ያሻል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ወጌሻ ተረኛ የሚሆንበትና የማይሆንበት ሰዓት የለውም። ማንም በሌሊት ቢጠራው ይነሣል። መሣሪያውም አያልቅም፤ ቀርከሃው ከጓሮ፣ ቅቤው ከጓዳ፣ ጨርቁ ከቁስለኛው ቤተሰብ ይገኛል። የወጌሻ ቦርሳ የሚሞላው በአካባቢው ነበር።

ይህን ስል ወጌሻን ማወደሴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጥብቅ የታሰረ ቀርከሃ ደም ከልክሎ እጅና እግር እስከማስቆረጥ እንደሚያደርስ የሀገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ጉዳቱ እውነት ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ከጉዳቱ ጎን አንድ ሌላ ነገር ያያል፤ ዕርዳታው ከሰውዬው ጋር ይሄድ የነበረበትን ሥርዓት ያያል። ዛሬም በእግር ኳስ ሜዳ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያ ወጌሻ ብለን መጥራታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ቋንቋው የሙያውን የዘር ሐረግ ጠብቆታል።

አሁን ወደ ውጭው ዓለም ለአፍታ እንውጣ። እ.ኤ.አ. በ1859 በሶልፌሪኖ ጦርነት ማግስት ሄንሪ ዱናን ያየው ነገር ቀይ መስቀልን እንደወለደ ታውቃላችሁ። ዱናን ሐኪም አልነበረም፤ በመንገዱ የሚያልፍ ነጋዴ ነበር። ከካስቲሊዮኔ ሴቶች ጋር ሆኖ በእጅ በተገኘ ጨርቅና ውኃ ቁስለኛ ሲረዳ ሰነበተ። ከእርሱ በኋላ ጀርመናዊው ቀዶ ጠጋኝ ፍሪድሪኽ ፎን ኤስማርኽ ለወታደሮች የሚሆን የቁስል ማሰሪያ አዘጋጀ፤ ለሲቪሎችም የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት አስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1877 በእንግሊዝ የቅዱስ ዮሐንስ አምቡላንስ ማኅበር ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ ለባቡር ሐዲድ ሠራተኞች የተዘጋጀ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ከፋብሪካ ለሽያጭ ቀረበ። በዚህ ሁሉ የተለወጠው ዕውቀቱ ብቻ አይደለም። ማሰሪያው የፋብሪካ ዕቃ ሆነ። የፋብሪካ ዕቃ ንጹሕ ነው፣ የተመጠነ ነው፤ ሲያልቅ ግን ከጓሮ አይቆረጥም። መግዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘመናዊው ቦርሳ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የመሙላት ጥያቄ አብሮት ተወልዷል።

ይህ ጥያቄ ወደ ኢትዮጵያ በኃይል የገባው በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ሊጀምር ሦስት ወር ያህል ሲቀረው። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች ሥራ ማኅበር በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ አስተባባሪነት ለዘማቹ ፋሻና ልብስ ያዘጋጅ ነበር። ፋሻውን የሚቆርጡትና የሚጠቀልሉት እጆች የመኳንንት ቤት እመቤቶችና የከተማ ሴቶች እጆች ነበሩ። የሀገሪቱ የመጀመሪያው የተደራጀ የመሙያ ሥርዓት ምናልባት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ በጤና ታሪካችን ግን በቂ ቦታ አልተሰጠውም።

ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝ፣ ከግብፅ፣ ከሆላንድና ከፊንላንድ የመጡ አምቡላንሶችም ተጨመሩ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች የስዊድንን አምቡላንስ መልካ ዲዳ ላይ ደበደቡት፤ ብዙ ቁስለኞችና አንድ ስዊድናዊ ባልደረባ ሞቱ። በየካቲት ደግሞ የእንግሊዙ አምቡላንስ በቆረም ግንባር ተመታ። የዚህ ቡድን መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ በሚያዝያ ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ስትዘረፍ በጎዳና የወደቁ ቁስለኞችን በማንሣት ላይ ሳለ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ግንባሩ ፈርሷል፤ ሠራዊቱ ተበትኗል፤ ሰውዬው ግን ቁስለኛ ባየበት ሁሉ ቆመ። የሙያ ግዴታ የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል የሚለውን ጥያቄ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በወረራው ዘመን የአርበኞቹ ሐኪሞችና መድኃኒት አቀባዮች ታሪክም ለዚህ ጉዳይ ይመሰክራል። የጥቁር አንበሳ ድርጅት መሪ የነበሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ሸዋረገድ ገድሌ በከተማ ተቀምጠው በገዛ ሀብታቸው ለአርበኞች ጥይትና ስንቅ ብቻ ሳይሆን መድኃኒትና የቁስል ማሰሪያ ይልኩ እንደነበር ይታወቃል። ጥይቱን ታሪካችን አክብሮ ጽፎታል። ፋሻው በዝርዝሩ መጨረሻ «ወዘተ» ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

ወደ እኛ ሀገር እንመለስ። ዳንግላ በዚያ ዘመን ሩቅ መንደር አልነበረችም። ጣናንና ዓባይን ያጠናው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን ያደረገው ዳንግላ ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ሲገባና ፋግታ ላይ ሲሰፍር ከቡድኑ ጋር አንድ የጦር ሐኪም ነበር። ከዚያ በኋላ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ የገባው የጌዴዎን ኃይል ጓዙን ያጓጓዘው በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ሲሆን፣ ግመሎቹ ደጋውን ሲወጡ በብርድና በድካም አለቁ ማለት ይቻላል። ኢጣልያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ወጡ፤ ድሉ ተገኘ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግን አንድ ነው። ሐኪም መግባቱ ብቻውን ቦርሳ አይሞላም። ግመሉ ሲወድቅ ፋሻውም ይወድቃል።

ከነፃነት በኋላ የገጠሩን ቦርሳ የተሸከመው ድሬሰር ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር፤ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከል ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የማሰማራት ሐሳብ ይዞ ነው። ከእነርሱ በታች ባለው እርከን ድሬሰሩ ነበር። ሕዝቡ «ዶክተር» ይለዋል፤ መንግሥት ግን ከሠራተኞቹ መጨረሻ ላይ ይመዘግበዋል።

እኔ በልጅነቴ በቅርብ ያየሁት ቦርሳ የአጎቴ ነው። አጎቴ ከዳንግላ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ድሬሰር ነበሩ። ቦርሳቸው የቆዳ ሲሆን ከአልጋቸው ሥር ይቀመጥ ነበር። በውስጡ አዮዲን፣ ጄንሽን ቫዮሌት፣ ጥጥና ጨርቅ አለ። ጎዝ ሲጠፋ ባለቤታቸው ያረጀ ነጠላ ቀቅለው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ በከሰል ካውያ ተኩሰው፣ በጣት ስፋት እየቀደዱ ይጠቀልሉላቸው ነበር። በመጥረቢያ የተመታ፣ ከፈረስ የወደቀ፣ በእሳት የተቃጠለ ሰው በሌሊት ይመጣል፤ ምላሹ ብዙ ጊዜ እንቁላል ወይም ጥቂት ማር ነው። ማሩ በቅዳሜ ገበያ ተሸጦ አዮዲን ይሆናል። ከጤና ጣቢያው ለምን አይወስዱም ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር። «የመንግሥት ጥጥ በመንግሥት ሰዓት ነው» ብለው መለሱለት። ይህን አነጋገር የታሪክ ተመራማሪ ከሆንሁ በኋላ ነው የተረዳሁት። አጎቴ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሂሳብ እንዳለ ነገሩን፤ የመንግሥት ሂሳብ የሚጻፍበት መዝገብ አለው፣ የሌሊቱ ሂሳብ የለውም።

እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ታውቃላችሁ። ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። ፋሻ ወጥቶ ለድንገተኛ ክፍል ሲሰጥ ይመዘገባል፤ ሰነዱም ለእኛ ምንጭ ይሆናል። ከሥራ ሰዓት ውጭ በመንገድ ላይ የታሰረ ፋሻ ግን በየትኛውም ሞዴል ላይ የለም። ከግምጃ ቤቱ ወስዶ ከሆነ ንብረት አጉድሏል ይባላል። ከኪሱ ገዝቶ ከሆነ ወጪው የቤተሰቡ ምሥጢር ሆኖ ይቀራል። የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. በዐዋጅ ከተቋቋመ ወዲህ አቅርቦቱ ከማእከል እስከ ጤና ጣቢያ በተሻለ ሥርዓት ይሄዳል፤ ሥርዓቱ የሚቆመው ግን በተቋሙ በር ላይ ነው።

ሕጉ ግን በሩ ላይ አይቆምም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ በሕይወቱ ወይም በአካሉ ላይ ከባድ አደጋ የተደቀነበትን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላው ላይ አደጋ ሳይፈጥር መርዳት እየቻለ ሆነ ብሎ የተወውን ሰው ይቀጣል። ለመርዳት የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። እንግዲህ ሁለቱን አጠጋግታችሁ እዩአቸው። ሕጉ ባለሙያውን በመንገድ ላይም ባለሙያ ነህ ይለዋል። ግምጃ ቤቱ በመንገድ ላይ ባለሙያ አይደለህም ይለዋል። ይህ ክፍተት ነው ለብዙ ዐሥርታት በማር፣ በእንቁላልና በደመወዝ ሲሞላ የኖረው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ዐዋጅ ቁጥር 799 ለተጎጂ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና ፈቅዷል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ገንዘቡ ግን ለጤና ተቋሙ ነው የሚከፈለው። ተጎጂውን ደሙን አቁሞ ለተቋሙ ያደረሰው ሰው ያወጣው ፋሻ እዚያ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

ባለፉት ዓመታት ብዙ ነገር ተለውጧል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው ቤት ለቤት ይዞራሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በ2003 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሯል። ወረዳዎች አምቡላንስ አግኝተዋል፤ በተለይ ለወላድ እናቶች ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። በ2000 ዓ.ም. የሰመመን ባለሙያው አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን አቋቋሙ። ይህን የመጨረሻውን ከሌሎቹ ጋር አብራችሁ አትለፉት። አጎቴ ማር ሸጠው አዮዲን ሲገዙና እኒህ ባለሙያ ቤት ሸጠው አምቡላንስ ሲገዙ መጠኑ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ዕውቀቱ የሙያ፣ ወጪው የግል ነው።

በአዊ ዞን ይህ ጉዳይ ለምን ይከብዳል? ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከእንጅባራ ደግሞ ወደ ቻግኒና ወደ ጉባ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። ከባድ መኪና፣ ባጃጅ፣ የፈረስ ጋሪና እግረኛ አንድ መንገድ ይጋራሉ። በፋግታ ለኮማ የደከረንስ ዛፍ ተቆርጦ ከሰል ይከስላል፤ መጥረቢያና እሳት የየዕለት መሣሪያ ናቸው። በጃዊ ቆላ እባብ አለ። በአንጻሩ ደጋው ዝናብና ጉም አይለየውም። እርጥበት የገባው ፕላስተር አይጣበቅም፤ የተከፈተ ጎዝ ንጹሕ አይደለም፤ ጓንት በቦርሳ ጥግ ታጥፎ ሲከርም ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሙላት ማለት ያለቀውን መተካት ብቻ አይደለም፤ ያላለቀውንም መርምሮ መጣል ነው። ይህ ደግሞ ወጪውን እጥፍ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ከባልደረቦቼ የምሰማው ተቃውሞ አለ። የግል ቦርሳ የመንግሥትን ጉድለት ይሸፍናል፤ ባለሙያው ከኪሱ በሞላ ቁጥር ተጠያቂው አካል ያንቀላፋል ይላሉ። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ታሪኩም ግማሹን ይደግፋል፤ የሌሊቱ ሂሳብ ባለመጻፉ ማንም አልተጠየቀበትም። ነገር ግን መፍትሔው ቦርሳውን ማስቀመጥ ሊሆን አይችልም። ደም የሚፈስሰው ሰው የበጀት ዓመቱን አይጠብቅም። የኔ መልስ ቦርሳውን እንሞላው፣ የሞላንበትንም እንጻፈው የሚል ነው። የተሰወረ ልግስና ጉድለትን ይሸፍናል፤ የተመዘገበ ልግስና ግን ጉድለትን ያሳያል።

እንዴት ይጻፋል? በቦርሳው ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር ትኑር። ቀኑ፣ ቦታው፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ የወጣው ዕቃ፣ የተተካበት ቀን፤ የተጎጂው ስም አያስፈልግም። ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር በጥብቅ ከታሰረም የታሰረበት ሰዓት በማሰሪያው ላይም በደብተሩም ይጻፍ፤ የቀርከሃው ታሪክ ያስተማረን ይኸንን ነውና፣ ማሰር ብቻውን ሕክምና አይደለም። ቦርሳው ላይ የቀይ መስቀልን ምልክት መለጠፍ ግን አይገባም። ምልክቱ በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ በየትከሻው ሲንጠለጠል በግጭት ጊዜ እውነተኛውን ጠባቂነቱን ያጣል። መልካ ዲዳ ላይ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህን ቀላል ነገር አይለውም።

ማን ይሞላዋል ለሚለውም ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የዐድዋ ፈረሶችን ውለታ ያስባል፤ አባላቱም በሐዘን በደስታ ይረዳዳሉ። ዕድራችን ድንኳን፣ ድስትና ወንበር ገዝቶ፣ ቆጥሮ፣ የጎደለውን ተክቶ በመያዝ ከማናችንም ግምጃ ቤት ያላነሰ ልምድ አለው። ለሞተ ሰው ድንኳን የሚተካ ዕድር፣ እንዳይሞት ለሚረዳ ሰው ፋሻ መተካት አይከብደውም። በአንድ ዕድር ውስጥ አንዲት ነርስ ወይም አንድ የአምቡላንስ ባለሙያ ካለ፣ ከወርኀዊው መዋጮ ጥቂቷ ለቦርሳው ትዋል፤ ደብተሩም በዕድሩ ስብሰባ ይነበብ። ጤና ጽሕፈት ቤቱ በበኩሉ የተነበበውን ይሰብስብ። ያን ጊዜ በመንገድ ላይ የታሰረው ፋሻ በሪፖርት ውስጥ ቁጥር ይሆናል፤ ቁጥር ሲሆን ደግሞ በበጀት መጠየቅ ይቻላል።

ለታሪክ ተማሪዎቼ የማስተላልፈው አንድ የቤት ሥራ አለኝ። የቀድሞ ድሬሰሮች እያረጁ ነው፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። በየቀበሌያችሁ ያሉትን ፈልጉ። ስለ ተማሩበት ትምህርት ቤት፣ ስለ ሹመታቸው ብቻ አትጠይቋቸው። በቦርሳችሁ ምን ነበር? ሲያልቅ ከየት ታመጡ ነበር? በቤታችሁ ፋሻውን የሚጠቀልለው ማን ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻውን ጥያቄ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ መልሱ ከሌላው ክፍል፣ ከባለቤታቸው አፍ ይመጣል፤ እርሷንም በስሟ መዝግቡ።